በገና ጨዋታ የተቆጣው ጌታ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

የዘንድሮው የበዓል መልእክቴ ስለ ዶሮ ዋጋ አይደለም። እሱን ሁላችሁም ገበያ ወጥታችሁ አይታችሁታል። ስለ ኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሱሉልታ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ጥቅምት ላይ «ቡድን መሪ ጠፍቷል፣ አንተ ደግሞ ኳስ ትወዳለህ» ተባልኩና ገባሁበት። መውደዱስ እውነት ነው። ያደግሁት አባቴ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲያወራልኝ ነው። ሁለቴ ተመርተን፣ ሁለቴ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ሲያስቆጥር ስታዲየም ነበርኩ ይላል። እናቴ ደግሞ «ያኔ አዲስ አበባን በዓይኑም አላያት» ትላለች።

የኛ ነገር እንኳ ዋንጫ አጠገብም አልደረሰ። 9 ጨዋታ፣ 3 ድል፣ 2 አቻ፣ 4 ሽንፈት። ሦስቱንም ያሸነፍነው በሜዳችን ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ሯጮች ስስ አየሩን ፈልገው ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። የሚገጥሙን ቡድኖች ግን ሳይፈልጉት በ20ኛው ደቂቃ ያገኙታል፤ ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ። ቢሾፍቱ ስንወርድ ታዲያ አየሩን ጭነን መሄድ አልቻልንም። 3 ለ 0።

ጥቅምት ላይ ሜዳው የክረምቱን ውሃ ገና አልጠጣም ነበር። ታኬታ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ካልሲ ብቻ ይወጣል። ኅዳር ላይ ጭቃው ደርቆ ውርጭ መጣ። ኅዳር 15 ደግሞ የገና ጾም ገባ። ከልጆቹ ገሚሱ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። ጨዋታ የሚጀመረው 8 ሰዓት ነው። እኔ የሳትናትን ኳስ ሁሉ በደብተር እመዘግባለሁ፤ ይህችን ግን አላሰብኳትም።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ አቻ ከወጣን እናልፍ ነበር። 1 ለ 1 ነን። 88ኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት ተሻማ። ንፋሱ ኳሷን አየር ላይ አዞራት። በረኛችን ወጣ፣ ዘለለ፣ ኳሷ በጣቶቹ ላይ አልፋ ገባች። እኔም መስመር ላይ ቆሜ፣ ያ ሁሉ ተማሪ እየሰማ፣ ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ልጁ አልመለሰልኝም። ጓንቱ የሱፍ ነው፣ የተቀደደውን ጣት በጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎታል። ጎንበስ ብሎ ኳሷን ከመረብ አወጣ፣ በማልያው ጠረጋት፣ ለአምበሉ ወረወረለት።

ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ አምበሉ ነው በኋላ የነገረኝ።

ድሮ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል ነበር። ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ገብተው እሩር ሲላጉ፣ ዱላው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘውም ቁጣ የለም። እኔ ጌታም አይደለሁ፣ ቅልጥሜንም የመታኝ የለም፤ ግን ተቆጣሁ። በማግሥቱ ሻይ ቤት ወስጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ንፋሱ ነው እኮ ቲቸር» ብሎ ሳቀ። የተቆጣሁት በሰው ፊት ስለሆነ ግን ይቅርታዬንም ይኸው በሰው ፊት እደግመዋለሁ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።

ሱሉልታና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የገና ዕለት ከምሳ በኋላ ሜዳው ላይ እንገናኝ። ጾሙ ተፈትቷል፣ ሰበብ የለም። ተማሪዎች ከመምህራን ይጋጠማሉ። ማሸነፋችንን እንጃ፤ ከመምህራኑ ሦስቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የኛ በረኛ እኔ ነኝ። ጓንቱን እንዲያውሰኝ ልጁን ጠይቄው እሺ ብሎኛል። «ናስትሮውን ግን ራስዎ ይግዙ፣ ቲቸር» አለኝ።