ሞተሩ ደሴ ሰማይ ላይ ሲጠፋ፦ የሦስት ወር ልምምዴ

ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሯ የጠፋ ሴስና 172 ሳልከሰክስ አሳረፍኩ። በኤክስ-ፕሌን፣ በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ፣ ነው እንጂ በእውነት አይደለም፤ እንኳን ላበርር ትንሽ አውሮፕላን በቅርብ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም እናቴን ከቡናዋ አስነስቼ አሳየኋት። «ዛሬስ አልወደቅህም?» አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

መነሳትና በደህና ቀን ማረፍ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የነዳጅና የአየር ቅልቅሉን ማንሻ እስከ ጥግ ገፍታችሁ አትነሱ። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ ይበዛበትና ሞተሩ ጉልበት ያጣል። እኔ ይህን እስካውቅ ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሬን ስሰድብ ነበር።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ደሴ ሆጤ ላይ፣ ከባሕር ወለል 9,500 ጫማ ከፍታ ይዤ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ። ኮምቦልቻ በመኪና የሐረጎን ተራራ ተጠማዝዞ መውረድ አለው፤ በአየር ግን ማኮብኮቢያው 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሴስናዋ ያለ ሞተር በ68 ኖት (በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር ገደማ) ስትንሳፈፍ አንድ ሜትር በወረደች ቁጥር 9 ሜትር ያህል ወደፊት ትሄዳለች። ከማኮብኮቢያው በላይ ያለኝ ደግሞ 3,400 ጫማ፣ አንድ ሺህ ሜትር ከምናምን። አስሉት፤ 9 ኪሎ ሜትር ከትንሽ ይሆናል። የምትደርስ ትመስላለች፣ አትደርስም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሐረጎን አልፌ አስፋልቱ ሲታየኝ እጄ ሳላዘው ጆይስቲኩን ወደ ሆዴ ይስባል። አፍንጫዋ ቀና ሲል የምትርቅ ይመስላል። ፍጥነቱ ግን ወደ 55 ይወርድና ቁልቁል መስመጥ ትጀምራለች፤ የማስጠንቀቂያው ጡሩንባ ይጮሃል፤ ከዚያ ቦርከና ወንዝ። ስንት ጊዜ ቦርከና እንደገባሁ አልናገርም።

ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ አልፈወሰኝም። የፈወሰኝ የቁስል ፕላስተር ነው። 68 ኖት ላይ ሚዛኗን ካስያዝኩ በኋላ ከአድማሱ ዝቅ አድርጌ ስክሪኑ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ለጠፍኩ። ላርፍበት ያሰብኩት ቦታ ከፕላስተሩ ወደ ላይ ከሸሸ አልደርስበትም ማለት ነው። ወደ ታች ከሸሸ አልፌው እሄዳለሁ። ንቅንቅ ካላለ እዚያው ነኝ። እጄ መሳብ ሲጀምርም ፕላስተሯ ቀድማ ታጋልጠኛለች። ገና ሳትጀምሩ ውድ ጆይስቲክና ፔዳል ግዙ የሚሏችሁን አትስሟቸው።

ትናንት ማኮብኮቢያው ወደ ላይ ሲሸሽብኝ ተውኩትና ማሳ የሚመስል ቢጫ መሬት ላይ አወረድኳት። አጎቴ «ኤርፖርቱ ፊትህ እያለ ማሳ ላይ?» ብሎ ሳቀብኝ። የባሕር ዳሩን አስታወስኩት። በመስከረም 1981 ዓ.ም. የአንድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ እርግቦች ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉ፤ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ፣ የቀሩት ተረፉ። አጎቴ ዝም አለ።

ሞተር ሲጠፋ የሚደረገውን ቅደም ተከተል ብትጠይቁኝ በቃሌ እወጣዋለሁ፦ መጀመሪያ ፍጥነት፣ ቀጥሎ ማረፊያ መምረጥ፣ ከዚያ የነዳጅ መምረጫው፣ ፓምፑ፣ ቅልቅሉ፣ ማግኔቶው (የሞተሩን ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ጊዜ ከተረፈ ለራዳር ምልክት በሚልከው ትራንስፖንደር ላይ 7700፣ የአደጋ ጊዜ ኮዱ። ትናንት ግን ማግኔቶው ትዝ ያለኝ መሬት ላይ ቆሜ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማንም ሳያየኝ ፕላስተሯን ልጬ ኮምቦልቻን እንደገና ሞከርኩ። 400 ሜትር ቀረኝ።