ሬፍራክቶሜትሩ 7 ላይ ቆመ፣ ጠጁ ግን ደርሶ ነበር

ትናንት ማታ አምስተኛ ጠጄን አጠለልኩ። እማዬ በምላሷ፣ እኔ በመለኪያዬ በአንድ ቀን «ደርሷል» ስንል ይህ የመጀመሪያችን ነው። ደስታዬን ላካፍላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ግን አራተኛው ጋን እንዴት እንደተበላሸም አልደብቅም።

ስጀምር በጣሳ መስፈር ትቼ በግራም ሚዛን መመዘን ያዝኩ። 10 በመቶ የስኳር ብጥብጥ ማለት 10 ግራም ስኳር በ90 ግራም ውሃ ነው እንጂ በ100 ግራም ውሃ አይደለም፤ በ100 ከበጠበጣችሁት 9.1 ነው የሚወጣው። ብሪክስ የሚባለውም ይኸው መቶኛ ነው። ይህ 10 በመቶ ብጥብጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት ሃይድሮሜትሩን፣ ማለትም ውሃን 1.000 ብሎ የፈሳሹን ክብደት ከእሱ ጋር የሚያነጻጽረውን ተንሳፋፊ መለኪያ፣ 1.040 ላይ ካላቆመው መለኪያችሁን አትመኑት። ቴርሞሜትሬ በፈላ ውሃ 94 ሲልብኝ ልጥለው ነበር፤ ለካ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ስለሆነች ውሃው የሚፈላው እዚያው ላይ ነው።

ወደ አራተኛው ልመለስ። ሚያዝያ ላይ 2 ኪሎ የተጣራ ማር በ7 ሊትር ውሃ በረዝኩ። ከአንድ ጠብታ ብሪክሱን የሚያነበው ሬፍራክቶሜትሩ 18 አለ፣ ሃይድሮሜትሩ 1.072። የጣና ዳርን የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሃይድሮሜትሩ ለ20 ዲግሪ የተሠራ ሆኖ ብርዙ 28 ዲግሪ ስለነበር 0.002 ጨምሬ 1.074 ብዬ መዘገብኩ። 18 ብሪክስም 1.074 ማለት ነውና ሁለቱ ገጠሙ። ጌሾው ገባ፣ ተብላላ። በሦስተኛው ሳምንት ሬፍራክቶሜትሩ 7 ላይ ቆመ። በአራተኛውም 7። እማዬ ቀምሳ «ልጄ፣ ይሄ ደርሷል፣ አጥልዪው» አለችኝ። እኔ ግን ገና 7 በመቶ ስኳር አለው ብዬ ጌሾ ጨመርኩበት፤ በየቀኑ ጋኑን እየከፈትኩ ጠብታ እወስድ ነበር። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ አየር የሚወዱት ባክቴሪያዎችም አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይቀይሩታል። ያ ሁሉ ማር ኮምጣጤ ሆኖ ተደፋ። እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ሬፍራክቶሜትር ስኳርን አያይም፤ የሚያየው ብርሃን ምን ያህል እንደሚታጠፍ ነው። የብርሃን መታጠፊያ ቁጥሩ ለውሃ 1.333፣ ለኤታኖል 1.361 ነው። ስለዚህ አልኮሉ ራሱ እንደ ስኳር ይቆጠራል። ሃይድሮሜትሩ በተቃራኒው ይስታል፦ የኤታኖል እፍግታ 0.789 ስለሆነ ጠጁ ይቀላል፣ መለኪያውም ይሰምጣል። 1.000 አሳየ ማለት ስኳሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ የቀረው ስኳር ያከበደውን አልኮሉ አቅልሎት ነው። ብርዝ ላይ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ከተብላላ በኋላ ግን ሬፍራክቶሜትሩን ለብቻው የሚያምን ሰው ማሩን ያባክናል።

አምስተኛውን በዚያው ልክ ጣልኩ። ሬፍራክቶሜትሩ አሁንም 7 ላይ ቆመ፤ አልደነገጥኩም። ናሙናውን ጋዙ እስኪወጣ ናጥኩት፤ አረፋው መለኪያው ላይ ከተለጠፈ ወደ ላይ ያነሳዋል። ሃይድሮሜትሩ 0.998 አለ፤ በሙቀቱ አስተካክዬ 1.000። በሦስት ቀን ልዩነት ብለካውም አልተነቃነቀም። ከ1.074 ላይ 1.000 ቀንሼ በተለመደው ማባዣ በ131.25 ሳባዛው 9.7 በመቶ አልኮል ሆነ።

የአረቄ አልኮል መለኪያ ጠጅ ውስጥ የምትነክሩ ካላችሁ ግን እባካችሁ ተዉት። እሱ የተሠራው ለውሃና ለአልኮል ብቻ ነው። እኔ ይሄንኑ 9.7 በመቶ ጠጅ ውስጥ ነክሬው ዜሮ አለኝ፤ ስኳሩና አልኮሉ ተካክሰው ክብደቱ እንደ ውሃ ሆኗላ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጠጆች ቁጥር ከደብተሬ ሰርዣለሁ፤ ሙቀታቸውን አልመዘገብኩም ነበር። ቶሎ ቶሎ የመክፈት አመሌም ገና አልለቀቀኝም፤ ለዚያ ነው አሁን የጋኑን አፍ እማዬ ራሷ የምታሽገው። ለስድስተኛው የገዛሁት ማር ሰፈፉ ያልወጣለት ስለሆነ በሚዛን አልጀምርም፤ አጥልዬ እየበረዝኩ፣ ሬፍራክቶሜትሩ 18 እስኪል ውሃ እጨምርበታለሁ።