ጄሞ፣ አራተኛ ፎቅ

ትናንት ጄሞ ኮንዶሚኒየም አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አይቼ መጣሁ። ልኖርበት ሳይሆን ላከራየው። መስከረም ላይ እቁብ ወጥቶልኛል። ከባለቤቴ ቁጠባ ጋር ሲደመር 3.2 ሚሊዮን ብር ሞልቶልናል። ሻጩ 5.2 ይላል። የጎደለውን 2 ሚሊዮን ከባንክ ብበደርስ እያልኩ ነው የከረምኩት።

ደላላው ደረጃውን ስንወጣ አንድ ቁጥር ብቻ ይደጋግማል። "ወንድሜ፣ 22 ሺህ ዓይንህን ሳታሽ ታከራየዋለህ። የስድስት ወር ቅድሚያ ትቀበላለህ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ መጨመር ነው።" እያለከለክሁ ስለነበር ዝም አልኩት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ግን ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል አይቻልም። ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው። ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ ያውም መንግሥት በሚያሳውቀው ልክ። ደላላው ይህን አጥቶት ነው ለማለት ይከብደኛል።

ልጅ ያዘለች ተከራይ በሩን ከፈተችልን። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ስከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ስምንት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ጣሪያው ጥግ ላይ ሰፌድ የሚያህል ቡናማ እድፍ አለ፤ የላይኛው ቤት ያፈስሳል ማለት ነው። ደላላው ስልክ ሊያነሳ ኮሪደር ሲወጣ ጠየቅኳት።

"እህቴ፣ ስንት ነው የምትከፍይው?"

"16 ሺህ፣ ጋሼ።" ትንሽ ዝም አለች። "ውላችን ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ሊያስወጡን ነው እንዴ?"

"ኧረ ለማየት ያህል ነው" አልኩና ጀሪካኖቹን መቁጠር ጀመርኩ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ሒሳብ ስንመታ አመሸን። 16 ሺህ በዓመት 192 ሺህ ነው። ከቤቱ ዋጋ 3.7 በመቶ ገደማ። ግብሩ፣ ጥገናው፣ ቤቱ ባዶ የሚቆይበት ወር ገና አልተነሳም። ቁጠባችን እንኳ 7 በመቶ ይወልዳል። የብድሩ ደግሞ ጉድ ነው። ባንኩ 18 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል ብሎኛል። ይህ በወር 32 ሺህ ብር አለፍ ይላል። ኪራዩ ግማሹን ብቻ ነው የሚሸፍነው። በደላላው ቁጥር ብንሄድ እንኳ በየወሩ 10 ሺህ ከደሞዛችን ይወጣል። በዚያ ላይ ባንኩ ወለዱን መቀየር እንደሚችል የምትገልጽ አንዲት አንቀጽ ውሉ ውስጥ ተሸጉጣለች።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ "በባንክ ብር ግዛ" እያለ ይጨቀጭቀኛል። እሱ ከዋጋው 3.5 በመቶ ብቻ ቅድሚያ ከፍሎ፣ ቀሪውን ተበድሮ ባለ ሁለት ቤት ገዛ፤ አንዱ ውስጥ ይኖራል፣ ሌላውን ያከራያል። ወለዱ ለ30 ዓመት አይነቃነቅም። የሱን ሒሳብ ጄሞ ይዤ መጥቼ ምን ላደርግበት?

እዚህ ሰው ቤት የሚገዛው ለኪራዩ ብሎ አይመስለኝም። ብሩ እጁ ላይ እንዳይሟሟበት ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብሩ የሆነውን ያየ ሰው አይፈረድበትም። እኔም ለዚያ ብዬ ልገዛ እችላለሁ፤ ግን በራሴ ብር እንጂ በ18 በመቶ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ደላላው ደወለ። ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቶሎ በል አለኝ። "ሴትየዋ የምትከፍለው እኮ 16 ነው" አልኩት።

"እሷማ ትወጣለች" አለ።

ብሩ ለጊዜው ባለበት ይቀመጥ ብለናል።