አንቀጽ 17 በደሴ

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ኮቴን አወለቅኩ፤ ደሴ ስገባ መልሼ ለበስኩት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሐረጎን አቀበት ሲወጡ ግን አየሩ ሌላ ይሆናል። የሄድኩት ለሕግ ተማሪዎች ስለ ግል መረጃ ጥበቃ እንድናገር ተጋብዤ ነበር።

ንግግሬን ሚኒባሱ ውስጥ አበላሸችብኝ አንዲት ወጣት። ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚያዘው በጣት አሻራ ነው። «ጣቴ ሲሻክር ማሽኑ እምቢ ይለኛል፤ ያን ቀን ስሠራ ብውልም የቀረሁ ነኝ» አለችኝ። አሻራሽ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። «እሱን ማን ጠይቆ ያውቃል፣ ጋሼ?»

የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ እንዲህ ያለውን መረጃ ከሌላው ለይተው ጠበቅ ባለ ጥበቃ ሥር አድርገውታል። ግን ደመወዟ በማሽኑ ላይ የተንጠለጠለ ሴት «ተስማምቻለሁ» ብትል ምን ዓይነት ስምምነት ነው? እኛ ምሁራን ነን ባዮች ስለዚህ ነገር ብዙ ወረቀት ጽፈናል፤ አብዛኛውን ግን ብራስልስ ላለ አንባቢ።

ሆቴሉ መዝገብ አቀረበልኝ፦ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት መጡ፣ ወዴት ይሄዳሉ። ከእኔ በላይ ያሉት እንግዶች በሙሉ እንደተገለጡ ናቸው። የእንግዳ መቀበያዋ ፊቴን አይታ «አብሽሩ፣ ለፖሊስ ነው» አለች። ለፖሊስ መያዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ ቀጣዩ እንግዳ እንዲያነበው ግን ምንም ምክንያት የለም።

በማግስቱ ክፍሉ ሞልቶ ጠበቀኝ። ወሎ ውስጥ «አንቀጽ 17» ብሎ ንግግር መጀመር ጣጣ እንዳለው አላሰብኩም ነበር። እኔ ያልኩት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀላቀለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ነው፤ አንቀጽ 17 ግላዊ ሕይወትን፣ ቤተሰብን፣ መኖሪያን፣ የመልእክት ልውውጥን ይጠብቃል። ተማሪዎቹ ግን ተጠቃቀሱ። እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በ1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ነበር የታያቸው።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሁለቱም እኮ ስለ ደብዳቤ ናቸው። በዚያኛው ጣሊያን የኢትዮጵያ የውጭ መልእክት በእኔ በኩል ይለፍ አለች። ዛሬስ የእኛ መልእክት በማን ኮምፒውተር በኩል ነው የሚያልፈው?» ይህንን በየትኛውም መጽሔት አላነበብኩትም። ያዘጋጀሁትን ግማሽ ትቼ ስለ ዲጂታል አስተዳደር እንድትቀጥል ለቀቅኩላት፤ ከእኔ የተሻለ አስረዳች።

ሌላው ደግሞ የሆቴሉን መዝገብ አነሳ። (ነግሬያቸው ነበር፤ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።) አዋጁ የመረጃ መጣስ ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ ያስፈልጋል ካለ፣ ደብተሩ ቢጠፋ ማን ያሳውቃል? የአውሮፓው ደንብ በሥርዓት የተደራጀ የወረቀት መዝገብንም እንደሚሸፍን ነገርኳቸው። «እዚያ ነው» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ፦ በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል? እውነቱን ተናገርኩ። እኔ ስጀምር ራሱን የቻለ አዋጅ አልነበረም፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26ና እዚህም እዚያም የተበተኑ ድንጋጌዎችን ይዘን ነበር የምናስተምረው። የአፍሪካ ኅብረት የሳይበር ደኅንነትና የግል መረጃ ጥበቃ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2014 ማላቦ ላይ ጸደቀ፤ የሚፈለጉት 15 አገሮች አጽድቀውት ሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልጸና ስምምነት ማስተማር ትዕግሥት ይፈልጋል። የመምህር ዕድገት ደግሞ በሚያሳትመው ጽሑፍ ይለካል፤ ኮምቦልቻ ወርዶ ሠራተኛ ስላነጋገረ ብቻ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው አላውቅም። ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና የቴሌኮም ድርጅቶች ግን አዋጁን የሚያነብላቸው ሰው መፈለጋቸው አይቀርም።

ማታ ፒያሳ አካባቢ የጋበዘኝ መምህር ችግሩን በአጭሩ ነገረኝ። የመረጃ ጥበቃ ራሱን የቻለ ኮርስ የለውም፤ ከሰብአዊ መብት ትምህርት ላይ ሁለት ሰዓት ቀንሶ ነው የሚያስተምረው። ስድስት ሰዓት እንዲሆንለት ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ እንጻፍ ተባባልን። ረቂቁን እኔ ያዝኩ፤ የውጫሌን ነገር እንዳልረሳ እርሱ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ።