ለደጋ አጋዘን የሚሆን ጠመንጃ፦ ጥይቱን እንዴት መረጥኩ

ጠመንጃ በልክ ለማሠራት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን ጥይት?» ተብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ አቆይቼ ከእንስሳው ጀመርኩ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የሚኖረው በባሌ፣ በአርሲና በእኛው በሐረርጌ የጨርጨር ተራሮች ነው። የደረሰ ወንድ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። መዋያው አስታ የለበሰ ገደላገደል ስለሆነ፣ ተመቶ ትንሽ ከሮጠ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጥይቱ ሩቅ መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ ትከሻ ሰብሮ ሳንባ ድረስ መዝለቅ አለበት። አደኑ በዱር እንስሳት ባለሥልጣኑ ፈቃድና በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ብቻ እንደሚካሄድ፣ ኩኒ ሙክታር መጠለያ በመሆኑ እንደማይታደንበት፣ ጠመንጃውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፋለሁ።

ቀጥሎ የወሰንኩት ርቀቱን ነው። ርቀትን የሚወስነው ተኳሹ እንጂ ጥይቱ አይደለም። መለኪያዬ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ነው። ዳገት ወጥቶ፣ ልብ እየመታ፣ ተቀምጦ ወይም ቦርሳ ላይ ተደግፎ ሲተኮስ አምስቱም ጥይት ሳህኑ ላይ የሚያርፍበት የመጨረሻው ርቀት የአደን ወሰን ነው። ጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት የተገኘ ውጤት እዚህ አይቆጠርም። በዚህ መለኪያ ወሰኑን 400 ሜትር አደረግሁት። 700 እና 800 ሜትር እየተባለ የሚወራው ለብረት ኢላማ ይሆናል፤ ለእንስሳ ግን አይገባም፤ አረሩ እስኪደርስ እንስሳው አንድ እርምጃ ከተራመደ ሆዱን ይመታል።

ከዚህ በኋላ የአየሩን ነገር አሰላሁ። በጥይት ካርቶን ላይ የሚታተመው ሰንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የተሠላው ለባሕር ወለል አየር ነው፤ የዚያ አየር ክብደት በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆና፣ በ33 ዲግሪ ሙቀት አየሯ ወደ 1.0 ይወርዳል፤ ይህም በመደበኛ ሁኔታ 2,000 ሜትር ላይ ከሚገኝ አየር ጋር እኩል ነው። 3,000 ሜትር ተራራ ላይ፣ ንጋት በ5 ዲግሪ ብርድ፣ ወደ 0.88 ይደርሳል። አየሩ በሳሳ ቁጥር አረሩ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፣ ነፋስም ብዙ አይገፋውም። ይህ ምርጫዬን በቀጥታ ነክቶታል፤ ቆላ ላይ በትልቅ ጥይትና በትንሽ ጥይት መካከል የሚታየው ልዩነት ተራራ ላይ ይጠባል።

ለውድድር የቀረቡት ሦስት ነበሩ፤ ሁሉንም በሹልና ረጅም አረር አሰላኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሙር 9.3 ግራም አረር በሰከንድ 823 ሜትር ይወረውራል። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም 10.5 ግራም በ896 ሜትር፣ በ1963 የተከተለው .300 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ 13 ግራም በ869 ሜትር ይወረውራሉ። በ3,000 ሜትር ከፍታ፣ 400 ሜትር ርቀት ላይ ሲደርሱ የሚቀራቸው ፍጥነት በቅደም ተከተል ወደ 690፣ 755 እና 730 ነው። ጉልበታቸው ወደ 2,200፣ 3,000 እና 3,450 ጁል ይሆናል። በሰከንድ 4.5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 450 ሜትር ላይ ትንሹን 27፣ መካከለኛውን 24፣ ትልቁን 26 ሴንቲ ሜትር ይገፋል። በነፋስ በኩል ያለው ትርፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ነፋሱን አንድ ሜትር በሰከንድ ያህል አሳስቶ መገመት ብቻውን ከዚያ በላይ ያጠፋል።

ርግጫው ግን ሌላ ታሪክ ነው። 4.2 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ ክሪድሙሩ ወደ 15 ጁል፣ ሰባቱ ወደ 27፣ .300ው ወደ 39 ጁል ይራገጣል። ትከሻ ርግጫ ሲለምድ ዓይን ከምላጩ በፊት ይጨፈናል፤ ይህን ለማየት ተኳሹ ሳያውቅ ባዶ ቀልሃ አስገብቶ ምላጩን ሲስብ አፈሙዙን መመልከት ነው። አፈሙዙ ቁልቁል ከወረደ ጥይቱ በዝቶበታል። የሚተኮሰው በቀጭን ጃኬት፣ በድካም፣ አንዳንዴም ቁልቁል ተደፍቶ ስለሆነ 39 ጁል ለብዙ ሰው ከልክ ያለፈ ነው።

ክሪድሙሩን የተውኩት በፍጥነቱ አይደለም፤ 690 ከበቂ በላይ ነው፤ ስዊድኖችም በ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ትልቁን ኤልክ ለዘመናት ሲጥሉ ኖረዋል። የተውኩት ገደላማ ቦታ ላይ እንስሳው ጎኑን አስተካክሎ ስለማይቆም ነው። ሰያፍ ብሎ ለቆመ ከባድ እንስሳ ተጨማሪ ክብደት እፈልጋለሁ። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ከ130 ኪሎ እምብዛም ለማያልፈው ሚዩል ዲር ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት 6.5ን እወስድ ነበር። .270 ዊንቸስተር ጥሩ ነው፣ ግን በፋብሪካ አፈሙዙ ውስጥ ያለው አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ በ10 ኢንች አንድ ዙር ስለሚዞር ከ150 ግሬን (9.7 ግራም ገደማ) በላይ ረጃጅም አረር በደንብ አያረጋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 7 ሚሊ ሜትር ፒ.አር.ሲ. በወረቀት ላይ ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን ሻንጣ አየር መንገድ ላይ ቢዘገይ ካምፕ ውስጥ ያንን ጥይት የሚያበድር ሰው አይገኝም። ጥይት ከሱቅ ተሄዶ በማይገዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሰባት ሬሚንግተን ማግነምን መረጥኩ።

አረሩን ከጥይቱ ስም በላይ ተጨነቅሁበት። ለስላሳና ፈጥኖ የሚፈነዳ የረጅም ርቀት አረር 80 ሜትር ላይ ትከሻ ቢያገኝ ቆዳ ሥር ተበታትኖ ይቀራል፤ ሙሉ የመዳብ አረር ደግሞ ፍጥነቱ ሲቀንስ አይከፈትም፣ እንደ መርፌ በስቶ ያልፋል። መካከለኛው መንገድ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ፣ 160 ግሬን ማለትም 10.4 ግራም የሚመዝን ኖዝለር አኩቦንድ ነው። አምራቹ እንዲከፈት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 550 ሜትር ገደማ ነው። ከሹሉ አረር ይልቅ አየር ትንሽ ቢይዘውም 400 ሜትር ላይ ከ700 በላይ ይዞ ይደርሳል።

ከጥይቱ ጋር አብሮ የሚታዘዘው አፈሙዝ ነው። በ9 ኢንች አንድ ዙር መጠምዘዝ ከ160 እስከ 175 ግሬን ላለው ሁሉ ይበቃል። ርዝመቱን 61 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት፤ 66 ቢሆን ወደ 15 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፣ ግን አስታ ውስጥ ቅርንጫፍ እየያዘ ያስቸግራል። ቻምበሩን፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበትን የአፈሙዙን ጀርባ፣ የሚቆፍረው ባለሙያ የሚጠቀመው ሪመር (መቆፈሪያ) የጥይቱን መደበኛ ርዝመት 83.5 ሚሊ ሜትር የጠበቀ እንዲሆን ጠየቅሁ። የአረሩ ማረፊያ በጣም ከረዘመ የፋብሪካ ጥይት ጠመዝማዛውን እስኪነካ ድረስ ብዙ ይዘላል፤ ከካዝናው የረዘመ ጥይት ደግሞ አይገባም። አፈሙዝ ላይ የሚታሰረውን ርግጫ ማብረጃ አልፈለግሁም። ርግጫውን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ድምፁን ወደ ጎን ስለሚተፋው ከተኳሹ አጠገብ ተንበርክኮ መነጽር የያዘው መሪ ጆሮውን ያጣል። ርግጫን መቀነስ በጥይት ምርጫ ነው እንጂ በሌላ ሰው ጆሮ አይደለም።

ለድሬዳዋ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሙቀት ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ የቆየ ጥይት ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሙቀት የማይወድ ባሩድ ከሆነ ግፊቱ ይጨምራል፤ ምልክቱ ቀልሃው ላይ ይታያል። ፕራይመሩ (ቀልሃው ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ) ዙሪያው ክብነቱን አጥቶ እስከ ጉድጓዱ ጠርዝ ጠፍጥፎ ይሞላል፣ የቀልሃው ቂጥ ላይ የማስወጫው ፒን የሚያብለጨልጭ ክብ ማኅተም ይተዋል፣ ቦልቱም (የጠመንጃው መዝጊያ) ለመነሳት ይከብዳል። ከሦስቱ አንዱ ከታየ ተኩሱ እዚያው ይቆማል። ጥይት ሙቀት በማያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ ያለ በረዶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጓዝ። በሙቀት ብዙ የማይለዋወጥ ባሩድ፣ ለምሳሌ ሆጅደን ኤች 1000 ወይም ኤች 4831፣ የተሞላበት ጥይት ከተገኘ እሱ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ የደንገጎን ዳገት አልፎ ደጋ ሲወጣ «አየሩ ስለሳሳ ከፍ ብሎ ይመታል» ይባላል። ከላይ እንዳልኩት ግን የድሬዳዋ አየር ራሱ ሳስቷል፤ በ400 ሜትር የአየሩ ልዩነት የሚያነሳው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሙቀት የሚለውጠው ባሩድ ደግሞ በ30 ዲግሪ ልዩነት 16 ሜትር በሰከንድ ያህል ፍጥነት ሊያጣ ይችላል፤ ይህ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱ ሲደመሩ ጠመንጃው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። ስለዚህ ካምፕ ከተደረሰ በኋላ፣ ማለዳ በብርዱ፣ 200 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ተተኩሶ ዜሮው፣ ማለትም ጠመንጃው ያነጣጠሩበትን በትክክል የሚመታበት ርቀት፣ ይረጋገጣል። በዚህ ዜሮ 100 ሜትር ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ 300 ላይ 20 ያህል ዝቅ፣ 400 ላይ 55 ያህል ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ከሹሉ አረር የተወሰደ ነው፤ አኩቦንዱ 400 ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምርበታልና በራስ ጠመንጃ ተተኩሶ ሰደፉ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ።

ቁልቁል ወይም ሽቅብ ሲተኮስ የሚቆጠረው አግድም ርቀት ነው፤ በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 400 ሜትር የሚታየው እንደ 346 ሜትር ይያዛል። ጥይቱ ሲገዛም የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር አንድ መሆኑ ይታይ፤ ስሙ አንድ ሆኖ የምርት ቁጥሩ የተለየ ካርቶን የዜሮውን ቦታ ሊቀይር ይችላል። ለማስተካከያ፣ ለልምምድና ለአደኑ የሚበቃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገዝቶ፣ የአደኑ ድርሻ ተለይቶ ይቀመጥ።