«ማነው ያገባው?»

ሰሞኑን ሻይ ቤቴ ማታ ማታ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ የሐዋሳው ልጅ፣ የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች አዳነ ግርማ። ነገሩን የጫረው ባለፈው ሐሙስ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛዬ ነው። ስፕሪስ አዝዞ እስኪቀርብለት ስልኩን ሲነካካ ቆየና «ሐዋሳ ውስጥ ስለ አጥቂ በተወራ ቁጥር አዳነ፣ አዳነ! ሰውዬው ጫማውን ከሰቀለ ስንት ጊዜው ነው? እስቲ በቁጥር አሳዩኝ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በርጩማ ስቦ የተቀመጠ ሁሉ የመሰለውን ተናግሯል። እኔ ግን ስኒ ሳጥብ፣ ፓስቲ ሳገላብጥ አንድ ነገር ጀምሬ ያስጨረሱኝ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

ልጁ የሚከራከረው ማስረጃ ይዞ ነው፤ ይሄን አልክድበትም። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ለመብራት ኃይል በአንድ የውድድር ዘመን 24 ጎል አገባ። ያ ቁጥር 16 ዓመት ሳይነካ ቆየ። በ2009 የዲላው ልጅ ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማሊያ 25 አድርሶ ሰበረው። በ2013፣ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ በተካሄደበት ዓመት፣ አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አገባ። «ሦስት ስም፣ ሦስት ቁጥር። እትዬ፣ የእናንተ ሰውዬ የቱ ጋ ነው?» ይለኛል። እኔ ከሦስቱም ጋር ጠብ የለኝም። አቡበከር በዚያ ዓመት ያደረገውን የኳስ ፍቅር ያለው ሰው ሊያንቋሽሸው አይችልም።

ጡረታ የወጡት መምህር ቅሬታ ሌላ ነው። እሳቸው የሐይቆቹ፣ የሐዋሳ ከተማ ክለብ፣ ደጋፊ ናቸው፤ 1996 እና 1999 ሲነሳባቸው ድምፃቸው ይለወጣል። ዋንጫው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሐዋሳ የገባባቸው ሁለቱ ዓመታት ናቸው። ዝናብ ሆነ ሐሩር ከስታዲየም አይቀሩም ነበር። «ጎበዝ መሆኑን ማን ካደ» ይላሉ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፤ «ግን ከእኛ ተነስቶ ጉልበቱን ለፈረሰኞቹ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሰጠ። ለእኛ የቀረልን ስሙ ነው።»

ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ኳስ ተጫዋች እንጀራ የሚበላበት ዕድሜ አጭር ነው። ይቺ ከተማ ያሳደገችውን ልጅ ትልቅ ክለብ ፈልጎ ሲወስደው ቅር ሊለን ይችላል፤ ልጁን ጥፋተኛ ማድረግ ግን አይገባም። ደግሞስ ማሊያው ቢለወጥ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ጎል ሲያገባ እዚህ ሐዋሳ ኮረም ሰፈር ይጮህ የነበረው ለማን ሆኖ ነው?

ለሹፌሩ መልስ ልስጥ። አዳነን አጥቂ ብቻ አድርጎ መቁጠር ራሱ ስህተት ነው። ፊት ተጫውቷል፣ መሐል ተጫውቷል፣ ተከላካይም ሆኖ ተሰልፏል። አሰልጣኝ «ዛሬ ኋላ ነህ» ሲለው ኋላ ሄዶ የሌላውን አጥቂ ሲይዝ የዋለ ሰው ነው። ሌላው አጥቂ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሳጥኑን ጫፍ ይዞ ኳስ ሲጠብቅ፣ እሱ በግንባሩ ኳስ እየመለሰ የሚውልበት ቀን አለ። ያ ቀን ስልኩ ላይ ባለው ዝርዝር ዜሮ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ጎል አግቢ ነኝ ብሎ ስሙን የተከለ ሰው ወደ ኋላ ሂድ ሲባል ስንቱ ፊቱን ያጠቁራል? ይሄ ለእኔ ከአምስት ከስድስት ጎል ይበልጣል።

ግን ቁጥር ካልሆነ አልሰማም ካለ፣ ቁጥርም አለኝ።

የአፍሪካ ዋንጫ በ1968 እዚሁ አገራችን ሲዘጋጅ ጎል አግብተን ነበር። ከዚያ በ1974 ሊቢያ ሄድን፤ በናይጄሪያ ሦስት ለባዶ፣ በዛምቢያ አንድ ለባዶ ተሸነፍን፣ ከአልጄሪያ ባዶ ለባዶ ወጣን። አንድም ጎል የለም። አባቴ ያንን በሬዲዮ ተከታትሎታል። «ጎል የሚል ቃል ስጠብቅ ሳልሰማ አለቀ» ይለኝ ነበር። ከዚያ 31 ዓመት ጭራሽ ውድድሩ ውስጥ ሳንገባ ቀረን። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ሦስት ጨዋታ ተጫወትን፤ አንድ ጎል አገባን፤ ያገባው አዳነ ግርማ ነው። ቀጥሎ ጎል ያየነው በ2014 ካሜሩን ላይ ነው፤ ዳዋ ሆጤሳ፣ ከዚያም ራሱ ጌታነህ በፍጹም ቅጣት ምት። እንግዲህ ደምሩት። ከ1968ቱ ውድድር በኋላ 2014ቱ እስኪደርስ፣ በ46 ዓመት ውስጥ፣ ይህች አገር በአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ ላይ ያገባችው ጎል አንድ ነው። አንዱም የሐዋሳው ልጅ ነው።

ሹፌሩ ይሄን ስጀምርለት «ምን ዋጋ አለው፣ ከምድቡ አላለፍን» ብሎ አቋረጠኝ። አዎ፣ በቡርኪናፋሶ አራት ለባዶ፣ በናይጄሪያ ሁለት ለባዶ ተሸንፈን በአንድ ነጥብ ተመልሰናል። ያቺ አንድ ነጥብም የመጣችው በእሱ ጎል ነው። እዚያ የደረስነውም በማን ሆነና? ሱዳን ካርቱም ላይ አምስት ለሦስት አሸንፋን ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ እሁድ፣ መልሱ አዲስ አበባ ተደረገ። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ጣቱን እያጠፈ ያስረዳናል፤ «ካርቱም ያገባናቸው ሦስቱ ይጠቅሙናል፤ ዛሬ ሁለት ለባዶ ይበቃል፤ ብቻ እንዳይገባብን።» ሁለት ለባዶ አለቀ። የመጀመሪያውን አዳነ፣ ሁለተኛውን ሳላዲን ሰኢድ። በድምር አምስት ለአምስት፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል አለፍን። ዕረፍት ድረስ ባዶ ለባዶ ስለነበር የመጀመሪያዋ ጎል እስክትገባ እዚህ ቤት ውስጥ ሻይ ያዘዘ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ጥር 13 ልምጣ፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ወደተጫወትንበት ቀን። ሰኞ ነው፤ ትናንትናው ቃና ዘገሊላ፣ ሰዉ ገና ከጥምቀት አልተመለሰም፤ የበዓል ልብሱን ያላወለቀ ሁሉ ሻይ ቤቴ ሞልቷል። መቀመጫ አልቆ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን ነበር። የአባቴን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ሸፍኗቸው ስለነበር ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥኩትና እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እነግረው ጀመር። የጋዜጠኛው ድምፅ በጫጫታው አይሰማም። አንጓዬን ይዟል። ዝም ካልኩ በአውራ ጣቱ ይጫነኛል፤ ንገሪኝ ማለቱ ነው።

ዛምቢያ የዓምናው ሻምፒዮን ናት። መጀመሪያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። «ሳላዲን ሊመታ ነው አባዬ» አልኩት። ትንፋሹን ያዘ። በረኛው አዳነው። አልነገርኩትም፤ ከሰዉ ዝምታ ራሱ ገባው። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። ጨዋታው በሚደረግበት ከተማ፣ ኔልስፕሩት፣ ያለው የእኛ ደጋፊ ተናዶ ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወረወረና ጨዋታው ቆመ። ይሄንንም ሳልነግረው ቀረሁ፤ ምን ብዬ ልንገረው። ለዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ዛምቢያዎች አገቡብን። አባቴ «ስንት ቀረን?» አለኝ። «ዐሥር» አልኩት። «ዐሥር ሰው ብዙ ነው» አለ፤ ይሄ ቃሉ አይረሳኝም።

ከዕረፍት መልስ፣ 65ኛው ደቂቃ። የሆነውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ልነግረው ግን አልቻልኩም። ቤቱ ተናጋ፤ የለስላሳ ሳጥኖቹ ተገለበጡ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም እጮሃለሁ። አንጓዬ ላይ ያለው ጣት ይጫነኛል፣ ይጫነኛል። ቤቱ ሙሉ ሰው ውስጥ ያገባውን ያላወቀ እሱ ብቻ ነበር። «ማነው? ማነው ያገባው?» ይላል። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ «አዳነ!» አልኩት። «የቱ አዳነ?» «አዳነ ግርማ፣ የእኛው!» «የሐዋሳው?» «አዎ አባዬ፣ የሐዋሳው!» ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። 37 ዓመት ጠብቋል። ደግሞ ጠየቀኝ፣ «የሐዋሳው ነው ያልሽኝ?» ሦስተኛም ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ መለስኩለት።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ፤ በዐሥር ሰው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሮ አረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጎል አልሰማም።

ሹፌሩን የምለው፣ የእሱን ሦስት ስሞች አልነካበትም። 29 ታላቅ ቁጥር ነው። እንደ አቡበከር ያለ ከመጣ ደግሞ ይሰበራል፤ ቢሰበርም ደስ ይለኛል። እኔ የምከራከርላት አንዲቷን ናት፤ እሷን የሚሰብራት የለም።

ያን ማታ ሻይ ቤቱን ዘግቼ አባቴን ክንዱን ይዤ ወደ ቤት ስንሄድ ልጆች በመንገድ መብራት ኳስ ጀምረው ነበር። ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገዋል፤ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። አንዱ አገባና ሁሉም ጮኹ። አባቴ ቆመና ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

«ልጆች፣ ማነው ያገባው?»

«አዳነ ነኝ!» አለው አንዱ ትንሽ ልጅ እየሮጠ።