ግማሽ ሚሊሜትር የላላ ማነጣጠሪያ እንዴት አንድ ወር እንደበላብኝ

ጠመንጃዬ 5.6 ሚሊሜትር ነው። ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ ለኢላማ ተኩስ ብቻ የምይዘው። የኋላ ማነጣጠሪያው በትንሽ ቀዳዳ አሾልከው የሚያዩበት ዓይነት ነው። ሁለት መዘውሮች አሉት። ሲያዞሯቸው ቀጭ ቀጭ እያሉ ቀዳዳውን አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ይወስዱታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላስቸገረኝም። ከዚያ አንድ ቀን 50 ሜትር ላይ የሰቀልኩት ወረቀት ወንፊት መሰለ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት የብዙ ሰው ስህተት ነው። አንድ ጥይት ቀኝ ሲወጣብኝ መዘውሩን ወደ ግራ አዞርኩ። ቀጣዩ ግራ ወጣ። መለስኩት። ሌላው ደግሞ ቀኝ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። መቶ ጥይት እንዲህ ጨርሼ፣ ስመጣ ከነበርኩት የባሰ ግራ ተጋብቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ጥገና የሚያውቅ ሰው ጋ ወሰድኩት። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ በአንድ ዓይኑ አየት አደረገና «ይሄ አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ከደቂቃ በላይ አልፈጀበትም። ማነጣጠሪያውን በጣቱ እንኳ አልነካውም። እኔም አምኜ ሁለት ሳምንት አዲስ አፈሙዝ ሳስስ ከረምኩ። ኋላ ላይ ነው ነገሩ የከነከነኝ። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው። እንዲህ ያለ አፈሙዝ በእኔ የተኩስ መጠን በሁለት ዓመት አያልቅም።

ስለዚህ ከዜሮ ጀመርኩ። መጀመሪያ ራሴን የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ጥይቶቼ አንድ ቦታ ተሰብስበው ነው ከመሃል የሳቱት፣ ወይስ ጭራሽ አይሰበሰቡም? ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። ተሰብስበው ከሳቱ ማነጣጠሪያውን ማዞር ነው፣ አለቀ። ከተበተኑ ግን መዘውር ማዞር ምንም አይፈይድም። የሆነ ነገር ላልቷል፣ ወይ ጥይቱ አልተስማማም፣ ወይ ተኳሹ ራሱ ነው።

ተቀምጬ፣ የጠመንጃውን የፊት እንጨት አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አሳርፌ ተኮስኩ። እንጨቱን ነው ያሳረፍኩት፣ አፈሙዙን አይደለም። አፈሙዙ ራሱ ሲደገፍ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። በአራት ወረቀት ላይ አምስት አምስት ጥይት፣ መዘውሩን ንክች ሳላደርግ። ሦስት ጥይት አይበቃም፤ በአጋጣሚ አንድ ቦታ ያርፉና ያታልላሉ። አራቱን ወረቀቶች ደርቤ ወደ ብርሃን ሳያቸው ቀዳዳዎቹ የተጋደመ እንቁላል ሠርተዋል። ወደ ጎን 7 ሴንቲሜትር፣ ከላይ ወደ ታች ግን 3 ብቻ።

ይሄ አንድ ነገር ይናገራል። አፈሙዝ ቢያልቅ ኖሮ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትን ነበር እንጂ ጎን አይመርጥም።

ቤት ገብቼ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ከፍቼ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። ይህን ሳላደርግ ካቻቢቴ አላነሳም። ማነጣጠሪያውን ያዝ አድርጌ ነቀነቅኩት። ድንጋይ ነው፣ አይነቃነቅም። እዚህ ላይ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ለካ የነቀነቅኩት ከጠመንጃው ጋር የታሰረበትን መሠረት ነው። ቀዳዳውን የተሸከመውና ወደ ጎን የሚንሸራተተው ክፍል ሌላ ነው።

እርሳስ በቢላ አሹዬ፣ ከተንሸራታቹ ክፍል ወደማይንቀሳቀሰው የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር ጎተትኩ። ከዚያ ተንሸራታቹን ብቻ በአውራ ጣቴ ወደ ጎን ገፋሁት። መስመሩ ተሰበረ። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። በመሃላቸው ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን ክፍተት። ጣቴን ሳነሳ እዚያው ቀረ። በተኮስኩ ቁጥር ንዝረቱ ወዲያና ወዲህ ሲወስደው ከርሟል ማለት ነው።

ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል የሚል ካለ ሒሳቡ ይኸውና። በእኔ ጠመንጃ ላይ ከኋላ ማነጣጠሪያው እስከ ፊተኛው 70 ሴንቲሜትር ነው። ኢላማው 50 ሜትር ላይ ነው። 50ን ለ0.7 ሲያካፍሉት 71 ይሆናል። ኋላ ላይ የተፈጠረች ስህተት ወረቀቱ ላይ 71 ጊዜ ተባዝታ ትታያለች። ግማሽ ሚሊሜትሯ 3.5 ሴንቲሜትር ሆነች። ከ7ቱ ግማሹ ተገኘ።

መንስኤውን ስፈታው አፈርኩ። ውስጡ ተንሸራታቹን ከብሎኑ ጥርስ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ትንሽ ሞላ አለ። በየሳምንቱ «ልንከባከበው» ብዬ ያፈሰስኩበት ዘይት እንደ ማር ረግቶ፣ አቧራ ጠጥቶ ሞላውን አስሮታል። ሞላው ራሱም ደክሟል። ጠላቴ የገዛ ዘይቴ ነበር።

ስትፈቱ ግን ተጠንቀቁ። መዘውሩን ቀጭ የምታሰኘው የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የብረት ኳስ ናት። ብሎኑን ሳወጣ ተስፈንጥራ ጠፋች። አንድ ሰዓት በእጅ ባትሪ አልጋ ሥር ስዳክር ቆይቼ ጫማዬ ውስጥ አገኘኋት። አሁን እንዲህ ያለ ነገር የምፈታው እጄንና ዕቃውን ግልጽ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው። የፈለገችው ብትዘል ፌስታሉ ውስጥ ትቀራለች።

በቤንዚን አጠብኩት፤ መስኮት ከፍቼ፣ ከእሳት ርቄ። በርዝመትም በውፍረትም ተመሳሳይ አዲስ ሞላ አስገባሁ። ዘይት አንዲት ጠብታ ብቻ። ከዚያ ፈተንኩት። አምስት ጥይት ተኩሼ መዘውሩን 20 ቀጭ ወደ ቀኝ፣ አምስት ጥይት፣ 20 ወደ ላይ፣ አምስት፣ 20 ወደ ግራ፣ አምስት፣ 20 ወደ ታች፣ እንደገና አምስት። የመጨረሻዎቹ አምስቱ የመጀመሪያዎቹ ላይ መመለስ አለባቸው። ተመለሱ።

በነገራችን ላይ የኋላ ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ነው የሚገፋው። የፊተኛው ተቃራኒ ነው። መዘውሩ ላይ ያለው ፊደል ግን አያስተማምንም። አንዱ አምራች «ጥይቱን ወደ ቀኝ ለመውሰድ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጥይቱ ቀኝ ከወጣብህ» ማለቱ ነው። አንዴ አዙሮ ወረቀቱን ማየት ነው የሚያዋጣው። ሌላው ልማዴ ማዞሩን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ መጨረስ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ካለብኝ ሦስት ቀጭ አሳልፌ እመለሳለሁ። የብሎን ጥርስ ጤነኛ ቢሆንም ትንሽ ክፍተት አያጣም።

ወደ ጎን የነበረው 3.5 ሆነ። ቀሪው ቶሎ ነው ያለቀው። ጠመንጃውን ከእንጨቱ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች የኋለኛው ግማሽ ዙር ላልቶ ነበር። ሁለቱን ተራ በተራ፣ በመጠኑ አጠበቅኳቸው። በጉልበት ማጥበቅ ብረቱን ያጎብጠዋል። 2.6 ገባሁ። ያው የማውቀውን ጥይት በሌላ ጊዜ ከተመረተው ስሞክር 2 ሴንቲሜትር። በአንድ ጊዜ የተመረተው ጥይት በሌላ ጊዜ ከተመረተው እንዲህ ይለያያል ብዬ አላስብም ነበር።

የተረፈችው የኔ ናት። ባዶውን ጠመንጃ ወደ ግድግዳ አነጣጥሬ ቃታውን ስስብ የፊት ማነጣጠሪያው በስተመጨረሻ ትንሽ ዘለል ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ይህን ላለማየት ነው አንድ ወር ብረት ስወቅስ የከረምኩት። አሁን ማታ ማታ ሃያ ጊዜ በባዶው እስባለሁ።

የእርሳሷን መስመር አላጠፋኋትም። ከመተኮሴ በፊት አያታለሁ። ባለፈው አምስት ጥይት በሙሉ ተሰብስበው ግራ ሲወጡብኝ ወዲያው ወደ እሷ ዞርኩ። ቀጥ ብላለች። ቀና ስል የኢላማው ወረቀት ጫፍ ወደ ግራ እየተርገበገበ ነው። ነፋስ!